ክሩን የሚይዘው የወላጅ እጅ ነው፦ «ለሕፃን የጥርስ ክር ትርፉ ድካም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ወላጆች እየተቀባበሉ ያነበቡት አንድ ጽሑፍ እኔም እጅ ገብቶ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሁለት ልጆች አባት መሆናቸውን ይነግሩናል። ሐሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ትንንሽ ልጆች በጥርሶቻቸው መካከል ክር እያስገቡ እንዲያጸዱ ማስተማር ትርፉ ድካም ነው። ሳይንሱ ራሱ ጥቅሙን አላረጋገጠም። የወተት ጥርስ እንደሆነ ይወድቃል። አባቶቻችን በመፋቂያ ብቻ ጥርሳቸውን ይዘው ኖረዋል። ልጅ ክሩን መያዝ አይችልም፤ ድዱን ያደማል፣ ጥርሱን ያራርቃል፤ ዋጋውም የእኛን ኪስ ያገናዘበ አይደለም። በመጨረሻም «የትኛዋ እናት ናት ሥራ ውላ ገብታ ማታ ክር የምትፈትለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ልጆቻቸውን የሚወዱ ሰው መሆናቸውም ከእያንዳንዱ መስመር ይታያል። ብዕር ያነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በቅንነት የተጻፈ ስሕተትን ሰው ቶሎ ያምነዋል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከማክማቸው የሚበዙት፣ ወንበሩ ላይ ሲተኙ እግራቸው ከወንበሩ ግማሽ የማያልፍ ልጆች ናቸው። የስድስት ዓመት ልጅ እናትም ነኝ። ጉዳዩን ከሥራም ከቤትም አውቀዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ጸሐፊው እንደ ዋና ምስክር ያቆሙትን ልያዝ። «የአሜሪካ መንግሥት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ክርን ከመመሪያው አውጥቶታል» ይላሉ። የሆነው እንዲህ ነው። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል፣ የአሜሪካ መንግሥት ሕዝቡ የጥርስ ክር እንዲጠቀም የሚመክረው በምን ማስረጃ እንደሆነ ጠየቀ። በ2016 መጀመሪያ ላይ በወጣው አዲስ የአመጋገብ መመሪያ ውስጥ ስለ ክር የሚናገረው ምክር አልነበረም። መንግሥትም የክሩ ጥቅም በሚፈለገው ደረጃ ተጠንቶ እንደማያውቅ አመነ። የዜና ወኪሉ 25 ጥናቶችን ካየ በኋላ ማስረጃው ደካማ ነው ሲል ዘገበ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ያሉት ትክክል ነው።

የተዉት ግን አለ። ያ መመሪያ በየአምስት ዓመቱ የሚታደስ፣ ሰው ምን ይብላ ምን ይጠጣ የሚል የምግብ መመሪያ ነው፤ የጥርስ ሕክምና መመሪያ አይደለም። የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤትም ዘገባው በወጣ በቀናት ውስጥ፣ ክር መጠቀም ጠቃሚ የአፍ ንጽሕና ልማድ መሆኑንና ከመመሪያው መቅረቱ አያስፈልግም ማለት እንዳልሆነ ገልጿል። የመጀመሪያው ዜና ዓለምን ሲያዳርስ ይህኛው ማብራሪያ ብዙም አልተሰማም።

ደግሞስ ማስረጃው ደካማ ነው ማለትና ነገሩ አይጠቅምም ማለት እንዴት አንድ ይሆናል? በችሎት ፊት በቂ ምስክር አልቀረበም ማለት ድርጊቱ አልተፈጸመም ማለት አይደለም። በሁለት ጥርሶች መካከል የሚጀምር መቦርቦር በዐይን እስኪታይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። አብዛኞቹ የክር ጥናቶች ደግሞ የቆዩት ለሳምንታት ወይም ለጥቂት ወራት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ውስጥ ሊታይ የሚችለው የድድ ለውጥ ነው። የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ፣ ከብሩሽ በተጨማሪ ክር መጠቀም የድድ መቆጣትን ሊቀንስ እንደሚችል ገልጾ፣ የማስረጃው አስተማማኝነት ግን ዝቅተኛ መሆኑን አብሮ ጽፏል። ይህን እኔም አልደብቅም።

አሁን ጸሐፊው ፈጽሞ ወዳላነሡት ጥናት ልምጣ፤ ልጆችን በቀጥታ የሚመለከተው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2006 የጥርስ ምርምርን በሚያትም ታዋቂ መጽሔት ላይ አንድ ግምገማ ወጣ። ስድስት ሙከራዎችን፣ በድምሩ ከ4 እስከ 13 ዓመት የሆኑ 808 ልጆችን ያካተተ ነው። ውጤቱ ሦስት ፊት አለው። በትምህርት ቀናት በየዕለቱ፣ ለ1.7 ዓመት፣ የሠለጠነ ሰው በክር ያጸዳላቸው ልጆች በጥርሶች መካከል የሚደርሰው መቦርቦር በ40 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ጥርሶቹም በአብዛኛው የወተት ጥርሶች ነበሩ። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ብቻ የተጸዳላቸው ልጆች ያገኙት ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለም። ክሩ ተሰጥቷቸው ለሁለት ዓመት ራሳቸው እንዲያጸዱ የተደረጉት ታዳጊዎችም እንዲሁ ምንም አልተጠቀሙም።

እባካችሁ ይህንን ውጤት ቀስ ብላችሁ እዩት። ክሩ ያው ክር ነው። የተለየው የያዘው እጅና ድግግሞሹ ነው። የአዋቂ እጅ በየቀኑ ሲይዘው ጥርስ አዳነ፤ የልጅ እጅ ሲይዘው ወይም አዋቂው አልፎ አልፎ ብቻ ሲመጣ አላዳነም። በእርግጥ በየዕለቱ ያጸዱ የነበሩት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ልጆቹም ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቀውን ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ብዙም የማያገኙ ነበሩ፤ ስለዚህ 40 በመቶው በእያንዳንዱ ቤት እንዳለ ይደገማል ብዬ ቃል አልገባም። ነገር ግን ጸሐፊው «ልጅ ክር መያዝ አይችልም፣ ስለዚህ ይቅር» ሲሉ፣ ጥናቱ ደግሞ «ልጅ አይችልም፣ ስለዚህ እናንተ ያዙለት» ይላል። ሁለቱ ከአንድ መነሻ ተነሥተው ወደ ተቃራኒ መንገድ የሄዱ ናቸው።

ስለ ወተት ጥርስ የተጻፈውን ሳነብ ግን የመጣብኝ አንዲት ልጅ ናት። አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ይዛት የመጣችው በግራ በኩል ብቻ ታኝካለች ብላ ነው። አፏን ከፈተች፤ ጥርሶቿ ነጭና ንጹሕ ናቸው። በቀኝ በኩል ከታች ያሉት ሁለቱ መንጋጋ ጥርሶች ከላይ ሲታዩ ምንም አልሆኑም፤ በሚነካኩበት ጠርዝ ላይ ብቻ ደመና የመሰለ ግራጫ ጥላ አለ። ራጅ አነሣናት። የሁለቱም መንጋጋዎች ትይዩ ጎኖች ተቦርቡረው ጥቁር ሆነዋል። ምስጥ የገባበት ቤት ታውቃላችሁ? ግድግዳው ከውጭ ቀለሙ እንኳ አይለወጥም፤ በጣት ሲነኩት ግን ይፈርሳል። ጠርዙን በመሣሪያዬ ጫፍ ቀስ ብዬ ስነካው ተንኮታኩቶ ወረደ።

እናትዮዋ ደነገጠች። «ዶክተር፣ በየማታው እኮ በብሩሽ አጥባታለሁ፤ እግዜር ያውቃል» አለችኝ። አልዋሸችም። ብሩሹ የደረሰበት ሁሉ ንጹሕ ነበር። እያንዳንዱ መንጋጋ ግን አምስት ገጽ አለው፤ ማኘኪያው፣ በጉንጭ በኩል ያለው፣ በምላስ በኩል ያለው፣ ከፊቱ ጎረቤት ጋር የሚነካካውና ከኋላው ጎረቤት ጋር የሚነካካው። ብሩሽ ሦስቱን ያገኛል። ሁለቱን አያገኝም። ያቺ እናት በየማታው ሦስቱን ገጽ አጥባ ስታስተኛት፣ ስለ ሁለቱ ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።

ጸሐፊው «የወተት ጥርስ እንደሆነ ይወድቃል» ሲሉ በልባቸው ያሉት የፊት ጥርሶቹ ይመስለኛል። እነሱ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ይወልቃሉ፤ ልጆቹም ጣሪያ ላይ እየወረወሩ ይደሰታሉ። የወተት መንጋጋ ግን ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው የሚወልቀው። ያቺ ልጅ በነዚያ ሁለት መንጋጋዎች ቢያንስ አራትና አምስት ዓመት ታኝክባቸዋለች። ተነቅለው ቢወጡስ? መንጋጋ ከማኘክ ሌላ ቦታ የመጠበቅ ሥራ አለው። ያለ ጊዜው ሲነቀል ከኋላው ያለው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፤ ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስ መውጫ ያጣና ጠምሞ ወይም ተደርቦ ይወጣል። መግል የያዘ የወተት ጥርስም ከሥሩ እየተሠራ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳው ይችላል። የወተት ጥርስ ሽፋን ከቋሚው ጥርስ ሽፋን ግማሽ ያህል ውፍረት ብቻ ስላለው መቦርቦሩ የጥርሱ ነርቭ ጋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ልጅቷ ትናንት ደኅና ነበረች የሚሉን ወላጆች እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊውም ሆኑ ብዙ ወላጆች የማያስተውሉት አንድ ጥርስ አለ። ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ድዱን ሰብሮ ይወጣል። የወለቀ ነገር ስለሌለ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። ይህ መንጋጋ ግን የዕድሜ ልክ ነው፤ ምትክ የለውም። ከወተት መንጋጋው ጋር ጎን ለጎን ተጣብቆ ደግሞ እስከ አምስትና ስድስት ዓመት ይቆያል። የወተት መንጋጋው በዚያ ጎኑ ከተቦረቦረ፣ አጠገቡ ያለውም የዕድሜ ልኩ መንጋጋ አብሮ ለመበላት የተጋለጠ ነው። የሚወድቀው ጥርስ የማይወድቀውን ይዞት ይሄዳል።

ስለ አባቶቻችን መፋቂያ በተጻፈው ብዙ አልጣላም። የወይራ መፋቂያ ጥሩ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1987 መፋቂያ በሚገኝባቸው አገሮች ጥቅም ላይ እንዲውል አበረታቷል። በአግባቡ የፋቀ ሰው የጥርሱን ፊት ያጸዳል። ነገር ግን መፋቂያም እንደ ብሩሽ ነው፤ ተጣብቀው በቆሙ ሁለት መንጋጋዎች መካከል አይገባም። አባቶቻችን ደግሞ ያንን ክፍተት ዝም ብለው አልተዉትም። ሥጋ ከተበላበት ማዕድ ላይ ስንጥር ጠፍቶ ያውቃል? አያቴ ቁርጥ በልተው ሲነሡ የጥርሳቸውን ሥጋ በስንጥር ያወጡ ነበር፤ ስንጥሩ አልገባ ሲላቸው ከጋቢያቸው ዘርፍ ላይ አንድ ክር መዝዘው፣ በሁለት ጣታቸው ወጠር አድርገው ያስገቡት ነበር። ማንም ፈረንጅ አላስተማራቸውም። በጥርስ መካከል የገባ ነገር መውጣት እንዳለበት የምናውቅ ሕዝብ ነን። አዲስ የሆነብን ሥጋ ባይበላም፣ ዐይን የሚያየው ነገር ባይገባም፣ በልጅም አፍ ቢሆን በየማታው ማጽዳት ነው።

ጸሐፊው ክሩ የኩባንያዎች ፈጠራ ነው ማለታቸውም በታሪኩ አይደገፍም። ሌቪ ስፒር ፓርምሊ የተባለ፣ በአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ከተማ የነበረ የጥርስ ሐኪም በሰም የተነከረ የሐር ክር በጥርሶች መካከል ማሳለፍን የመከረው እ.ኤ.አ. በ1819 ነው። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው ኩባንያ በጥርስ ክር ላይ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1898 ነው። ምክሩ ይህን የባለቤትነት መብት በ79 ዓመት ይቀድመዋል።

ጸሐፊው የአባቶችን ጥርስ ከልጆቻችን ጥርስ ጋር ሲያወዳድሩ የዘነጉት ትልቁ ነገር ግን ምግቡ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት ለአብዛኛው የገጠር ልጅ ጣፋጭ ማለት ማር ነበር፤ እሱም ቀፎ ሲቆረጥ ወይም በዓል ሲመጣ። የዛሬ ልጅ ጠዋት ዳቦ በጣፋጭ ሻይ፣ በመማሪያ ቤት ብስኩት፣ ከትምህርት ሲመለስ ጁስ፣ እንግዳ ሲመጣ ከረሜላ ነው። ብስኩት ደግሞ ከከረሜላ ይብሳል እላለሁ፤ ከረሜላ ይሟሟል፣ ብስኩት ግን ሊጥ ሆኖ በመንጋጋዎቹ መካከል ተለጥፎ ያድራል። የአያቶቻችንን መፋቂያ እንውሰድ ካልን የአያቶቻችንን ማዕድም አብረን ልንወስድ ይገባል።

ከወንጂ ስም ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይም አለ። ወንጂ ባለበት በስምጥ ሸለቆ፣ በብዙ አካባቢዎች የጉድጓድ ውኃ ከመጠን በላይ ፍሎራይድ አለው፤ ጥርሳቸው በልጅነት ቡናማ የሆነባቸው የአካባቢው ሰዎች ምስክሮች ናቸው። በዚያ የምትኖሩ ወላጆች ስለ ጥርስ ሳሙናው መጠን ሐኪማችሁን አማክሩ። በሌላው ቦታ ግን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይበቃል። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ የሚታየው ለልጅ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልመለስ። ጸሐፊው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ጠቅሰው፣ የአራት ዓመት ልጅ ክር በጣቱ ጠምጥሞ መንጋጋው መካከል ያስገባል ብሎ መጠበቅ ቀልድ ነው ይላሉ። በሙሉ ልቤ እስማማለሁ። ልጆች ይህን ሥራ ብቻቸውን በደንብ የሚሠሩበት የእጅ ቅልጥፍና የሚመጣው ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ግን ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ያለች እናት ምን ታደርጋለች? እራት ይቅር አትልም። እሷ ታቦካለች፤ ልጁ ደግሞ አጠገቧ ቆሞ ትንሽ ሊጥ ይዞ ይጫወታል። እንጀራ መጋገር የለመድነው ሁላችንም በዚሁ መንገድ ነው።

የጥርስ ክርም ከዚህ አይለይም። ሕፃን ልጅን ክር «ማስተማር» ማለት ክሩን እጁ ላይ ጥሎ መሄድ አይደለም፤ ለዓመታት በእኛ እጅ ሲጸዳ ስሜቱን እንዲለምደው ማድረግ ነው። ሌሊት አፉ ንጹሕ ሆኖ መተኛትን የለመደ ልጅ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ክሩን ስንሰጠው የሚማረው የጣቶቹን አያያዝ ብቻ ነው። ያልለመደውን ልጅ ግን በዘጠኝ ዓመቱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አስተምሩት ብንባል እንቸገራለን።

እኔ ለልጄ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አፉን አልነካሁም። ሁለት ጣቶቹን አጣብቆ እንዲይዝ ነገርኩትና ክሩን በጣቶቹ መካከል አስገባሁ። «እነዚህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው» አልኩት። ክሩን አንዱን ጣቱን እንዲያቅፍ አጠፍኩትና ከላይ ወደ ታች ሳብኩት። ሳቀ። ከዚያ በሌላው ጣቱ ጎን ደገምኩለት። አንዱን ጣቱን ካቀፍኩ በኋላ «ያኛውስ?» ብሎ የጠየቀኝ ራሱ ነው። ከዚህ በኋላ አልጋዬ ላይ በጀርባው ተኝቶ ራሱን ጭኔ ላይ አሳረፈ። ይህ አቀማመጥ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ከፊት ለፊቱ ቆመን ስንታገለው የኋላው መንጋጋ አይታየንም፤ ከራሱ በላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ግን ልክ የራሳችንን ጥርስ እንደምናጸዳ ነው።

ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የሚሆን ክር ይበቃል። ሁለቱን ጫፎች በመሐል ጣቶቻችን ላይ እንጠመጥማለን፤ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል የሚቀረው ሁለት ጣት የሚያህል ብቻ ነው። ክሩን በኃይል ቁልቁል መጫን አይገባም፤ ድድን የሚያደማው እሱ ነው። እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያልን እናስገባና፣ መጀመሪያ የፊተኛውን መንጋጋ ጎን አቅፈን፣ ቀጥሎ የኋለኛውን ጎን አቅፈን፣ ከድዱ ጠርዝ ወደ ጥርሱ ጫፍ ሁለት ሦስት ጊዜ እንጠርጋለን። በቃ። ሲወጣ ክሩ ላይ ነጭ ነገር ይታያል፤ ለልጁ አሳዩት። ብዙ ከመምከር ያ ይበልጣል።

«በየማታው ሃያ ጥርስ በክር ማጽዳት ስቃይ ነው» ለሚለው ደግሞ ቁጥሩን እንቁጠር። ልጅ የወተት ጥርሶቹ ተሟልተው ሲወጡ ሃያ ናቸው፤ ይህም የሚሆነው ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው። የፊት ጥርሶቹ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ እርስ በርስ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ፤ እዚያ ብሩሽ ይደርሳል፤ ክር አያስፈልግም። ተጣብቀው የሚቆሙት መንጋጋዎቹ ናቸው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት መንጋጋ አለ፤ ከላይ ቀኝና ግራ፣ ከታች ቀኝና ግራ። ስለዚህ ለአብዛኛው የአራት ዓመት ልጅ ክር የሚገባባቸው ቦታዎች አራት ናቸው። አራት ብቻ። የስድስት ዓመቱ መንጋጋ ወጥቶ ከፊቱ ካለው ጋር ሲገጥም አራት ይጨመርባቸውና ስምንት ይሆናሉ። የፊት ጥርሶቹም የተጣበቁበት ልጅ ካለ እነሱም ይቆጠራሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ ሁለት ጥርስ ሲነካካ ክር ይጀመራል። አራቱን ቦታ ለማጽዳት እጁ ለለመደ ሰው አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ድድ ይደማል ለተባለው፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ሊደማ ይችላል፤ የሚደማው ቀድሞውኑ የተቆጣ ድድ ነው፤ በየቀኑ ሲጸዳ በሳምንት በሁለት ሳምንት ያቆማል። ካላቆመ፣ ወይም ልጁ ሌላ ቦታም በቀላሉ የሚደማ ከሆነ ሐኪም ይየው። ክር ጥርስን ያራርቃል የተባለው ስሕተት ነው። ያበጠው ድድ ሲረግብ ክፍተቱ ይታያል እንጂ ክሩ ጥርስ አያንቀሳቅስም።

ስለ ዋጋው የጻፉት ግን እውነት ነው፤ ይህን ማቃለል አልፈልግም። ሳሙናና ብሩሽ ራሱ በወር በጀት ውስጥ የሚቆጠርባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ወላጆች ምክሬ ቅደም ተከተል ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይገዛ፤ ለልጅ የሚበቃው የአተር ፍሬ ያህል ስለሆነ አንዱ ቱቦ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ከዚያ ብስኩቱና ጁሱ ይቀነስ፤ ይህ ገንዘብ ያተርፋል እንጂ አያወጣም። ክሩ ሦስተኛ ነው። በ40 ሳንቲ ሜትር ብንቆርጠው ባለ 50 ሜትሩ አንድ ጥቅል 125 ሌሊት፣ ማለትም ከአራት ወር በላይ ያገለግላል። እጀታ ያላቸው ትንንሽ ባለ ክር መሣሪያዎች ለያዥው ይመቻሉ፤ ግን ይወደዳሉ፤ ግድ አይደሉም። የልብስ መስፊያ ክር ግን አትጠቀሙ፤ ይበጠስና በመካከል ይቀራል፣ ድድንም ይቆርጣል። ስንጥርንም ለልጅ አልመክርም፤ ሹል ነው፣ ልጅ ደግሞ ይንቀሳቀሳል።

የዋጋ ነገር ሲነሣ ያቺን የአምስት ዓመት ልጅ ደግሜ አነሣለሁ። ሁለቱን መንጋጋዎች ለማዳን ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች፤ ማደንዘዣ ተወግታለች፤ እናቷ ሦስቱንም ቀን ከሥራ ቀርታለች። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ስናገር በታካሚዎቼ እየፈረድኩ አይደለም፤ የነገራቸው አልነበረምና። ስለዚህም ነው ይቅርባችሁ የሚል ጽሑፍ ሲነበብ ዝም ማለት ያቃተኝ።

የጸሐፊው የመጨረሻ ጥያቄ ቀርቷል፤ «የትኛዋ እናት ናት ሥራ ውላ ገብታ ማታ ክር የምትፈትለው?» በቅድሚያ፣ ጥያቄው አባትን ለምን እንደዘለለ አልገባኝም። በእኛ ቤት ሁለት ሌሊት የእኔ ነው፣ ሁለት ሌሊት የባለቤቴ፤ የእሱ ወፍራም ጣቶች በልጁ አፍ ውስጥ ከእኔ ይልቅ ጸጥ ይላሉ።

ሲቀጥል፣ አዎ፣ ይደክማል። ባለፈው ሳምንት ከሥራ አምሽቼ ገባሁ፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። ልጄ ዐይኑ እየተከደነ ነው። በስልኬ መብራት ብሩሹን አደረግኩለትና ጭኔ ላይ አስተኝቼ ክሩን ያዝኩ። ከታች ቀኝ፣ ከታች ግራ፣ ከላይ ቀኝ። የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ነው፣ እኔም ጀርባዬን አሞኛል፤ ክሩን ጠቅልዬ ብርድ ልብሱን ጎተትኩ። በጨለማው ውስጥ አፉን እንደከፈተ ጣቱን ወደ ላይኛው ግራ መንጋጋው ሰደደና፣ «እማ፣ ይኼኛው ቀረ» አለኝ።